ሳሙኤል ኢንሱል፤ የነገን መብራት በዛሬ ብድር የሠራው ሰው

ስለ ቶማስ ኤዲሰን ያልሰማ ተማሪ በትምህርት ቤታችን ይገኛል ብለን አናምንም። አምፑልን ለሰው ልጅ ጥቅም ያበቃ ታላቅ ሰው መሆኑን ከታችኞቹ ክፍሎች ጀምረን ተምረነዋል። ነገር ግን አምፑል ብቻውን ቤት አያበራም። ከአምፑሉ በስተኋላ ሽቦ አለ፤ ከሽቦው በስተኋላ የኃይል ማመንጫ ጣቢያ አለ፤ ከጣቢያውም በስተኋላ አንድ ደንበኛ እንኳ አንድ ሳንቲም ሳይከፍል ብዙ ገንዘብ አውጥቶ የሚጠባበቅ ሰው አለ። የዚያ ገንዘብ ስሌት ከአምፑሉ ያላነሰ የአእምሮ ሥራ የጠየቀ ነገር ነው። ስለዚህ እኛ የሳይንስ ክበብ አባሎች ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድናዘጋጅ በተጠየቅን ጊዜ፣ ኤዲሰንን ትተን የኤዲሰንን ጸሐፊ መረጥን። ይህ ሰው ሳሙኤል ኢንሱል ይባላል። በዘመኑ ስሙ በአሜሪካ ጋዜጦች ላይ ዘወትር ይነሣ ነበረ፤ መጀመሪያ በምስጋና፣ በኋላም በርግማን። በጽሑፋችን ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲገነዘቡልን እንለምናለን።

ኢንሱል በኖቬምበር 11 ቀን 1859 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ባለጸጎች አልነበሩም፤ አባቱ ሰዎች መጠጥ እንዲተዉ የሚያስተምር ሰባኪ ነበረ። ልጁ በ14 ዓመቱ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ሐራጅ በሚሸጥ አንድ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ሆነ፤ ማታ ማታም አጭር ጽሕፈት ይማር ነበረ። ጥቂት ዓመታት ካገለገለ በኋላ፣ አባቱ ገንዘብ ከፍሎለት ሥራ ሊለማመድ የመጣ ሌላ ወጣት ቦታውን ወሰደበትና ተሰናበተ። በጋዜጣ ላይ አንድ ማስታወቂያ አይቶ አመለከተ፤ የተቀጠረበትም ሰው የኤዲሰን የኤውሮፓ ወኪል የነበረው ኮሎኔል ጉሮ ሆኖ ተገኘ። ወጣቱ የወኪሉን መዝገብና ደብዳቤ ሁሉ እየያዘ በትጋት ስለ ሠራ፣ በ1881 ዓ.ም. ኤዲሰን ለራሱ ጸሐፊ በፈለገ ጊዜ ወደ አሜሪካ ተላከ። ዕድሜው 21 ዓመት ነበረ።

በፌብሩዋሪ 28 ቀን ኒው ዮርክ ደረሰ። ያን ማታውኑ ኤዲሰን አስቀምጦ ያነጋገረው ስለ ሳይንስ አልነበረም። ፈልሳፊው የአምፑል፣ የዲናሞና የሽቦ ፋብሪካዎች ለመሥራት ቆርጦ ተነሥቶ ነበረ፤ ባለባንኮቹ ግን ለፋብሪካ ገንዘብ ለመስጠት አልፈለጉም። በኤውሮፓ ካለው የቴሌፎን አክሲዮን የትኛው ቢሸጥ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚገኝ ማወቅ ነበረበት። ኢንሱል ይህን ሁሉ በቃሉ ያውቀው ስለ ነበረ፣ ሁለቱ ሰዎች ሌሊቱን ሲያሰሉ አደሩ። እንደኛ አስተያየት የዚህ ሰው ሕይወት የተወሰነው በዚያች ሌሊት ነው፤ ፈጠራ ገንዘቡ ባለቀበት ቦታ እንደሚቆም ገና በወጣትነቱ አይቷልና።

ከዚያ በኋላ 11 ዓመት ከኤዲሰን ጋር ሠራ። በሴፕቴምበር 4 ቀን 1882 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ፐርል በተባለው መንገድ ላይ ጣቢያው ሥራ ሲጀምር የገንዘቡን ጉዳይ የሚከታተለው እርሱ ነበረ። በኋላም በስኬኔክታዲ ከተማ የነበረውን የማሽን ፋብሪካ ሲመራ 200 ያህል ሠራተኞች የነበሩት ድርጅት ወደ 6,000 ሠራተኞች አደገ። በ1892 ዓ.ም. የኤዲሰን ኩባንያ ከተወዳዳሪው ጋር ተዋሕዶ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ተባለ። ለኢንሱልም በአዲሱ ኩባንያ በዓመት 36,000 ዶላር የሚያስገኝ ትልቅ ሹመት ቀረበለት። እርሱ ግን ያን ትቶ በ12,000 ዶላር ደመወዝ የቺካጎ ኤዲሰን ኩባንያ ፕሬዚዳንት ለመሆን መረጠ። ቺካጎ በዚያን ጊዜ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራት፤ መብራት የሚሸጡት ግን ብዙ ትናንሽ ኩባንያዎች ነበሩ፣ የኢንሱልም ኩባንያ ከእነርሱ አንዱ ነው። ሥራውን የተቀበለው በአንድ ውል ነበረ፤ ይኸውም ኩባንያው ለአዲስ ጣቢያ መሥሪያ የ250,000 ዶላር አዲስ አክሲዮን እንዲያወጣ ነው። አክሲዮኑንም ራሱ ገዛው። ገንዘቡን ያበደረው ማርሻል ፊልድ የተባለው የቺካጎ ታላቅ ነጋዴ ነው። የደመወዙን ሃያ እጥፍ ያህል ተበድሮ፣ ገና ባልተሠራ ጣቢያ ላይ ማዋሉን ልብ ይሏል።

አሁን የነገሩን ፍሬ ለማስረዳት ከታሪኩ ጥቂት ዞር እንላለን። ኤሌክትሪክ እንደ እህል በጎተራ ተከማችቶ የሚቆይ ነገር አይደለም፤ በተፈለገበት ደቂቃ መመንጨት አለበት። ስለዚህ ማመንጫው የሚሠራው ለአማካዩ ፍላጎት ሳይሆን ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ለሚፈልግበት ሰዓት ነው። በእናቶቻችን ቤት ምሽት ላይ መብራቱም ምጣዱም ምድጃውም አንድ ላይ ሲለኮስ እንዴት እንደሚሆን የማያውቅ የለም። በዚያን ዘመን በቺካጎ ኤሌክትሪክ ከመብራት በቀር እምብዛም ሌላ ሥራ አልነበረውም። ማሽኖቹ ከምሽት ጀምሮ ለጥቂት ሰዓት ይሠሩና የቀረውን ጊዜ ሁሉ ሥራ ፈትተው ይቆማሉ። የብድሩ ወለድ ግን ቀንም ሌሊትም አይቆምም።

እንበልና የአንድ ጣቢያ ወለድና የማሽኑ እርጅና በቀን 1,200 ብር ያስወጣል። ጣቢያው በሰዓት 1,000 ኪሎዋት ሰዓት የሚያመነጭ ከሆነና በቀን 3 ሰዓት ብቻ ቢሠራ፣ ወጭው በ3,000 ኪሎዋት ሰዓት ላይ ስለሚከፋፈል ለእያንዳንዱ 40 ሳንቲም ይደርሰዋል። በቀን 12 ሰዓት ቢሠራ ግን 10 ሳንቲም ብቻ ይሆናል። ድንጋይ ከሰሉ ለብቻው ነው። እንግዲህ ማሽኑ ያው፣ ብድሩም ያው ሆኖ፣ ዋጋው በአራት እጅ የሚያንሰው ሥራ ለፈታው ሰዓት ደንበኛ ሲገኝለት ነው። ይህ ሒሳብ የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ይመስላል፤ ሆኖም የዘመኑ የመብራት ነጋዴዎች አብዛኞቹ መብራትን የሀብታሞች ዕቃ አድርገው በውድ ዋጋ ለጥቂቶች መሸጥን መርጠው ይኖሩ ነበረ።

ኢንሱል በ1894 ዓ.ም. ወደ ትውልድ አገሩ ለዕረፍት በሄደ ጊዜ ብራይተን በተባለችው የባሕር ዳር ከተማ ሱቆቹ ሁሉ እስከ ማታ በመብራት አጊጠው አገኘ። ምክንያቱን ሲጠይቅ ራይት የተባለ የከተማው የኤሌክትሪክ ሥራ አስኪያጅ አዲስ ዓይነት ቆጣሪ መሥራቱን ሰማ። ቆጣሪው ደንበኛው የተጠቀመበትን ጠቅላላ ኃይል ብቻ ሳይሆን፣ በአንድ ጊዜ የፈለገውን ከፍተኛውን መጠን ጭምር ይመዘግባል። በዚህ መሠረት ሒሳቡ በሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ለተያዘለት የማሽን ድርሻ፣ ሁለተኛው ለተጠቀመበት ኃይል። አንድ ሰው አምፑሉን ረዘም ላለ ሰዓት ሲያበራ ለእያንዳንዱ ሰዓት የሚከፍለው እያነሰ ይሄዳል። ኢንሱል ይህን ይዞ ወደ ቺካጎ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ የኢንሱል ዋና ሥራ ለባዶው ሰዓት ደንበኛ ፍለጋ ሆነ። ትራሞችና የከተማ ባቡሮች ጠዋትና ማታ ኃይል ይፈልጋሉ፤ ፋብሪካዎች ቀን ይፈልጋሉ፤ በረዶ ሠሪዎች ብርሃን በማያስፈልግበት በበጋ ይፈልጋሉ። ለትራም ኩባንያዎች ኃይሉን በአንድ የአሜሪካ ሳንቲም ባልሞላ ዋጋ ሲያቀርብላቸው የራሳቸውን ማመንጫ ትተው ወደ እርሱ መጡ። ከዚህም በቀር የመኖሪያ ቤቶችን ልማድ አስጠንቶ አንድ ደስ የሚል ነገር አገኘ። በአንድ ሰፈር ወደ 200 የሚጠጉ ቤቶች ከፍተኛ ፍላጎታቸው በየግላቸው ቢደመር 68 ኪሎዋት ገደማ ይሆናል፤ በአንድ ጣቢያ ሲገለገሉ ግን ፍላጎታቸው ከ20 ኪሎዋት አይበልጥም። አንዱ ሲያበራ ሌላው ያጠፋልና ነው። ይህን በክበባችን በተወያየንበት ቀን ከሁሉ ይልቅ የገረመን ይኸው ነበረ፤ ጎረቤት በመብዛቱ ብቻ የማሽን ወጭ ይቀንሳል ማለት ነው። በ1892 ዓ.ም. በቺካጎ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ 20 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነበረ፤ በ1909 ዓ.ም. ወደ 2 ሳንቲም ተኩል ወርዶ ነበረ።

ፍላጎት ሲያድግ ማሽኑም ማደግ ነበረበት። በዚያን ጊዜ ዲናሞዎቹን ያዞሩ የነበሩት ፒስቶን ያላቸው ግዙፍ የእንፋሎት ሞተሮች ሲሆኑ ከዚያ በላይ ለማሳደግ አስቸጋሪ ሆኑ። ፓርሰንስ የተባለ እንግሊዛዊ በ1884 ዓ.ም. የፈለሰፈው የእንፋሎት ተርባይን ተስፋ የሚሰጥ ነበረ፤ ነገር ግን በአሜሪካ በትልቅ መጠን የሠራው አልነበረም። ኢንሱል ጄኔራል ኤሌክትሪክን 5,000 ኪሎዋት የሚያመነጭ ተርባይን እንዲሠራለት ጠየቀ። ፋብሪካው ፈራ። በመጨረሻ ኪሣራውን ሊካፈሉ ተስማሙ፤ ፋብሪካው የመሥሪያውን ወጭ፣ ኢንሱልም የመትከያውን ወጭ ሊችሉ ተዋዋሉ። በ1903 ዓ.ም. በፊስክ መንገድ በተሠራው ጣቢያ ማሽኑ በሚነሣበት ዕለት መሐንዲሱ ሳርጀንት ይፈነዳ ይሆናል በማለት ኢንሱል ከዚያ እንዲርቅ መክሮት እንደ ነበረ፣ እርሱም አልርቅም ብሎ አብሮ እንደ ቆመ ይነገራል። ማሽኑ ቢፈነዳ ኩባንያውም አብሮ መጥፋቱ ነውና መቆሙ አያስደንቅም። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ እነዚያ የተደነቁ ተርባይኖች ተነሥተው እያንዳንዳቸው 12,000 ኪሎዋት በሚያመነጩ ተተኩ። ገና ያላረጀውን ማሽን ጥሎ የበለጠ ቆጣቢ ማሽን መግዛት እንደሚያዋጣ ለባለ አክሲዮኖች ማስረዳት ራሱን የቻለ ድፍረት ይጠይቃል።

ይህ ሁሉ በምን ገንዘብ ተሠራ? በብድር። ለ30 ወይም ለ40 ዓመት የሚያገለግል ጣቢያ በአጭር ጊዜ ብድር ሊሠራ አይችልም፤ ረጅም ብድር የሚሰጥ ደግሞ ኩባንያው ያን ያህል ዘመን በከተማው ውስጥ እንደሚቆይ ማወቅ ይፈልጋል። የኢንሱል ኩባንያ ፈቃድ የ25 ዓመት ብቻ ነበረ። በ1897 ዓ.ም. ጉቦ የለመዱ የከተማው ምክር ቤት አባሎች ኢንሱልን ለማስፈራራት በስም ብቻ ላለ ሌላ ኩባንያ የ50 ዓመት ፈቃድ ሰጡ፤ በብዙ ገንዘብ ይገዛናል ብለው ነበረ። ኢንሱል ግን አስቀድሞ በአሜሪካ ካሉት የኤሌክትሪክ ዕቃ ሠሪዎች ጋር በቺካጎ ለእርሱ ብቻ እንዲሸጡ ተዋውሎ ኖሮ፣ ያ ኩባንያ አንድ ዲናሞ እንኳ የሚሸጥለት አጣ። ኢንሱል በ50,000 ዶላር ገዛው፤ የ50 ዓመቱንም ፈቃድ በዚያው አገኘ። በ1907 ዓ.ም. ሁለቱን አዋሕዶ ኮመንዌልዝ ኤዲሰን አላቸው።

ያም ሆነ ይህ በየጊዜው ከምክር ቤት ጋር በመደራደር ረጅም ዕቅድ እንደማይጸና ተረድቶ ነበረ። በ1898 ዓ.ም. ለመብራት ኩባንያዎች ማኅበር ባደረገው ንግግር፣ በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ኩባንያዎች ሁለት ሽቦ መዘርጋታቸው በሕዝብ ላይ ዕጥፍ ወጭ መጫን መሆኑን ገልጾ፣ አንድ ኩባንያ ብቻ እንዲሠራና ዋጋውን መንግሥት እንዲቆጣጠር ሐሳብ አቀረበ። ባልደረቦቹ ሐሳቡን አልወደዱለትም። ሆኖም ኒው ዮርክና ዊስኮንሲን በ1907፣ ቺካጎ የምትገኝበት ኢሊኖይም በ1914 ዓ.ም. ተቆጣጣሪ ኮሚሲዮን አቋቋሙ። ኢንሱል ይህን ያለው ለሕዝብ አዝኖ ብቻ ነው ለማለት አንደፍርም፤ ቁጥጥር ያለበት ኩባንያ ብድር በቀላል ወለድ ያገኛል፤ ከተሞችም ማመንጫውን ራሳቸው እንውሰድ ከማለት ይታገዳሉ።

በ1910 ዓ.ም. ገደማ ከቺካጎ በስተ ሰሜን በሚገኘው ሌክ በሚባለው አውራጃ ሌላ ሙከራ አደረገ። በዚያ ከነበሩት ትናንሽ ከተሞች አንዳንዶቹ መብራት አልነበራቸውም፤ ሌሎቹም በደካማ ማሽን ከምሽት እስከ እኩለ ሌሊት ብቻ ያገኙ ነበረ። እርሱም ትናንሾቹን ማመንጫዎች ዘግቶ ሁሉን በረጅም ሽቦ ከትልቅ ጣቢያ ጋር አገናኛቸው፤ ኃይሉ 24 ሰዓት ሆነ፣ ገበሬዎችም ተካፋይ ሆኑ። በ1912 ዓ.ም. ሚድል ዌስት ዩቲሊቲስ የተባለ ኩባንያ አቋቁሞ ይህንኑ በመላ አገሩ ማስፋፋት ጀመረ። በ1920ዎቹ መጨረሻ የእርሱ ድርጅቶች ከ30 በሚበልጡ የአሜሪካ ግዛቶች ወደ 5,000 የሚጠጉ ከተሞችንና መንደሮችን ያገለግሉ ነበረ። አክሲዮኑን የሚገዙት ባለባንኮች ብቻ አልነበሩም። ሠራተኞቹ ከደንበኞች ቤት ለቤት እየሄዱ ይሸጡ ስለ ነበረ፣ ከደመወዛቸው ጥቂት ጥቂት ያጠራቀሙ በብዙ መቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች ገዙ።

ችግሩ የገባው በዚህ በኩል ነው። ኩባንያዎቹ በፎቅ ላይ ፎቅ ሆነው ተደራረቡ። በምሳሌ ብናየው፣ የታችኛው ኩባንያ ንብረት 100 ብር ቢሆን ግማሹ በብድር የተሠራ ነው፤ ከቀረው የ50 ብር አክሲዮን 25 ብሩን የያዘ ኩባንያውን ያዝዛል። ያን 25 ብር የሚይዝ ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ የራሱን ግማሽ ደግሞ ቢበደር፣ 7 ብር ያህል ያለው ሰው 100 ብሩን ሁሉ ያዝዛል ማለት ነው። ትርፍ ሲያድግ ላይኛው ፎቅ በብዙ እጥፍ ያድጋል። የታችኛው ትርፍ ጥቂት ሲቀንስ ደግሞ የላይኛው ከነጭራሹ ይጠፋል። ኢንሱል በ1928 እና በ1929 ዓ.ም. በሌሎቹ ላይ ሁለት ተጨማሪ ፎቆች ሠራ፤ ምክንያቱም ኢተን የተባለ የክሊቭላንድ ባለገንዘብ አክሲዮኖቹን በብዛት ሲሰበስብ አይቶ ድርጅቶቹን ይነጥቀኛል ብሎ ስለ ፈራ ነው።

በኦክቶበር 29 ቀን 1929 ዓ.ም. የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ። በስድስተኛው ቀን፣ ማለት በኖቬምበር 4 ቀን፣ ኢንሱል ያሠራው የቺካጎ ኦፔራ ቤት ተከፈተ። የኢትዮጵያዊቷ ልዕልት የአይዳ ታሪክ ታየበት። ከላዩ የተሠሩት የቢሮ ፎቆች ኪራይ የኦፔራውን ወጭ እንዲችል ታስቦ ነበረ፤ ኢንሱል ለዘፈን እንኳ የሚያስበው እንደ ማመንጫ ጣቢያ ነበረ ያሰኛል። በ1930 ዓ.ም. የኢተንን አክሲዮኖች በ56 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። አብዛኛውን ገንዘብ የተበደረው ከቺካጎና ከኒው ዮርክ ባንኮች ሲሆን፣ መያዣ ያደረገውም የራሱን ኩባንያዎች አክሲዮን ነበረ። በቀድሞው ዘመን ብድሩ የቆመው በተርባይንና በሽቦ ላይ ነበረ፤ እነዚያም ኃይል እያመነጩ ወለዱን ይከፍሉ ነበረ። ይህኛው ግን የቆመው በወረቀት ዋጋ ላይ ነው። የመክፈያውም ጊዜ አጭር ነበረ። አክሲዮኑ በረከሰ ቁጥር ባንኮቹ ተጨማሪ መያዣ ጠየቁ፤ ኢንሱል የግል ሀብቱን ሳይቀር አስያዘ፤ በመጨረሻ የሚያስይዘው አጣ። በኤፕሪል 1932 ዓ.ም. ሚድል ዌስት ዩቲሊቲስ በፍርድ ቤት አስተዳዳሪዎች እጅ ገባ፤ በጁን ወር ኢንሱል ሹመቶቹን ሁሉ ለቀቀ። 72 ዓመቱ ነበረ።

ወደ ፓሪስ፣ ከዚያም ወደ ግሪክ አገር ሸሸ። በ1934 ዓ.ም. ግሪኮች ከአገር እንዲወጣ ባዘዙት ጊዜ በተከራየው መርከብ ሲጓዝ ኢስታንቡል ላይ ተያዘና ወደ ቺካጎ ተመለሰ። ሰውን አታሎ አክሲዮን ሸጧል ተብሎ ተከሰሰ። ዳኞቹ በኖቬምበር ወር በነፃ አሰናበቱት፤ ከዚያ በኋላ በቀረቡበት ክሶችም ነፃ ወጣ። የላይኞቹን ፎቆች አክሲዮን የገዙት ሰዎች ግን ገንዘባቸውን አላገኙም። በ1935 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት እንደዚህ ያሉትን ተደራራቢ የኃይል ኩባንያዎች የሚያፈርስ ሕግ አወጣ፤ ሕጉ የተሻረው በ2005 ዓ.ም. ነው።

በክበባችን በኢንሱል ላይ የተደረገው ክርክር ሁለት ሳምንት ፈጀ። ከመካከላችን አንዳንዶቹ፣ ዕድሜ ልካቸውን ያጠራቀሙትን ያጡትን ሰዎች እያሰቡ፣ ፍርድ ቤት ነፃ ቢያወጣውም እኛ ነፃ አናወጣውም አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ያለ እርሱ መብራት ለብዙ ዘመን የባለጸጋ ዕቃ ሆኖ በቀረ ነበረ ሲሉ ተከራከሩ። ወደ ስምምነት አልደረስንም። በአንድ ነገር ግን ሁላችንም ተስማማን፤ ባንኮቹ መያዣ ሲጠይቁ፣ ጋዜጦች ሲጮኹና ዳኞች ሲሰየሙ በቺካጎ መብራቱ አንድም ቀን በዚህ ምክንያት አልጠፋም። ኮመንዌልዝ ኤዲሰን አልከሰረም፤ የቦንዱንም ወለድ መክፈሉን አላቋረጠም።

ኢንሱል በጁላይ 16 ቀን 1938 ዓ.ም. በፓሪስ ኮንኮርድ በተባለው አደባባይ ሥር በሚገኘው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ባቡር ሲጠብቅ ልቡ ቆሞ ሞተ። የተቀበረውም በሎንዶን ነው። ኮመንዌልዝ ኤዲሰን ዛሬም ለቺካጎ ኃይል ያድላል። ኢንሱል ከመሐንዲሱ ጋር የቆመበት የፊስክ ጣቢያ ማሽኖቹ ደጋግመው እየተለወጡ እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ ሠርቶ ተዘጋ።